አንገታቸው የረዘመ ፊልሞች

(ይህ ጽሑፍ አቃቂ ውስጥ በሚገኝ አንድ የወጣቶች ማዕከል፣ የፊልም ሥራ ለሚማሩ ልጆች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ ነው። በዕለቱ መብራት ስለሄደ ያዘጋጀኋቸውን ምስሎች ማሳየት አልቻልኩም።)

እንደምን ዋላችሁ።

ፕሮጀክተሩን አትዩት፤ እሱም ዛሬ እንደ እናንተ አዳማጭ ነው። በመስኮቱ በኩል ያላችሁ፣ ለጨለማ ብለን የዘጋነውን መጋረጃ ግለጡልን፤ ቢያንስ ተያይተን እናውራ። ሃያ ሁለት ምስል አዘጋጅቼ ነበር። ሌላ ርዕስ ቢሆን እናደድ ነበር፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን በአመዛኙ ማንም ያላያቸው ፊልሞች ናቸው። እነሱን ደግሞ በአፍ መተረክ ያምርባቸዋል።

እናቶቻችን «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላሉ። በሕይወት ያለው ልጅ አንገት እንደማንኛውም ሰው አንገት ነው፤ ይቆሽሻል፣ ላብ ያወጣዋል፣ አንዳንዴም በጥፊ ይመታል። የሞተው ልጅ አንገት ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ይረዝማል፣ ይመለመላል። ስለ ፊልምም የምናወራው እንደዚሁ ነው። ተጽፈው፣ ተስለው፣ ተዋናይ ተመርጦላቸው፣ ካሜራ ሳይነሳላቸው የቀሩ ፊልሞች አሉ። የሀገር ገንዘብ ፈሶባቸው ተሠርተው፣ ሲኒማ ቤት ደርሰው የወደቁ ደግሞ አሉ። ለቀሩት እናለቅሳለን፤ በወደቁት እንስቃለን። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለወደቁት ልከራከር ነው። ግን ጠበቃ እንኳ የሌላውን ወገን አቤቱታ አስቀድሞ ያነብባልና ከቀሩት እጀምራለሁ። የውጭ ፊልሞቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ወደ አቃቂ ስንመለስ ወደ እኛው አቆጣጠር እንመለሳለን።

በ1970ዎቹ አጋማሽ አሌሃንድሮ ጆዶሮውስኪ የሚባል የቺሊ ተወላጅ ዳይሬክተር ፓሪስ ተቀምጦ የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» የተሰኘ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሊለውጥ ተነሳ። ሰውየው በልኩ ማሰብ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የሠዓሊው የሳልቫዶር ዳሊ ድርሻ የሕዋው ንጉሠ ነገሥት ሆኖ መጫወት ነበር፤ ዳሊም በሰዓት 100 ሺህ ዶላር ጠየቀ። አሰቡ፣ አሰቡና ዳሊን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርጸው፣ የቀረውን እሱን በሚመስል አሻንጉሊት ለመሙላት ወሰኑ። ኦርሰን ዌልስ ነበረበት፣ ሚክ ጃገርም ታስቦበት ነበር። ሞቢየስ በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ዢሮ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ3 ሺህ ገደማ ስዕሎች ሣለው። እያንዳንዱ የካሜራ እንቅስቃሴ ስዕል አለው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተጠርዞ የጡብ ያህል የወፈረ መጽሐፍ ሆነና ለሆሊውድ ስቱዲዮዎች ታደለ። ስቱዲዮዎቹ ስዕሉን ወደዱት፤ ሰውየውን ፈሩት። ገንዘቡም ፊልሙም በዚያው ቀረ።

ከዚህ ታሪክ እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ዳሊ አይደለም። ጆዶሮውስኪ ዋናውን ገጸ ባሕርይ እንዲጫወት የመረጠው የገዛ ልጁን ብሮንቲስን ነበር። ልጁ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ተዋጊ መምሰል ሳይሆን ተዋጊ መሆን አለበት ተብሎ አሠልጣኝ ተቀጠረለትና ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ሰይፍ፣ ቢላዋና የእጅ ፍልሚያ ተማረ። እስቲ አስቡት። የእናንተ ታናሽ ወንድም ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋታውን ትቶ ይሠለጥናል፤ ከዚያ አንድ ቀን አባቱ ገብቶ «ቀርቷል» ይለዋል። ከዚያ ፊልም አንድ ሜትር እንኳ አልተቀረጸም።

ስዕሎቹ ግን አልሞቱም። ለዱን ተቀጥረው የነበሩት የፊልም ጸሐፊው ዳን ኦባነንና ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ጊገር በ1979 በወጣው «ኤሊየን» ላይ እንደገና ተገናኙ። የዚያን ጡብ መጽሐፍ አንድ ቅጂም በ2021 ፓሪስ ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ በ2.66 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። የገዙት በኢንተርኔት ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ናቸው፤ ታሪኩን ወደ ተከታታይ ፊልም ለመቀየርም አቅደው ነበር። መጽሐፉን መግዛት ግን የልብ ወለዱን መብት መግዛት አይደለም። እኛ ሰፈር ይህ በደንብ የሚገባን ነገር ነው፤ የቤቱን ፕላን ገዝተው የመሬቱን ካርታ ረሱት።

አሁን ወደ አንገቱ እንመለስ። ዱን በ1984 በዴቪድ ሊንች እጅ ተሠርቶ ወጣ፤ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ በገበያም በሐያስያንም ዘንድ ወደቀ። ጆዶሮውስኪ ስለ ራሱ ፊልም መቅረት በ2013 በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ላይ፣ የሊንችን ሥራ ለማየት ሲገባ እንዴት እንዳዘነ፣ ፊልሙ መጥፎ መሆኑን እያየ ሲሄድ ደግሞ እንዴት ደስ እያለው እንደመጣ ይናገራል። ሳቅ በሳቅ ሆኖ ነው የሚናገረው። እንዲህ በግልጽ በመናገሩ እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን አስተውሉት። ሊንች በረሃ ገብቶ፣ አሸዋ በልቶ፣ ከአምራቾቹ ጋር ተጨቃጭቆ አንድ ነገር ይዞ መጣ። የሌላው ግን አልተሠራምና አልተበላሸም። ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስታንሊ ኩብሪክም እንዲሁ የሚለቀስለት ፊልም አለው፤ ናፖሊዮን። በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ከናፖሊዮን ጋር የተገናኙትን ሰዎች ሁሉ የዕለት ከዕለት ውሎ በካርድ አስጽፎ በመሳቢያ ደረደረ፤ የቀረጻ ቦታ የሚያሳዩ ፎቶግራፎቹ ብቻ ወደ 15 ሺህ ይጠጋሉ። ለጦርነቱ ትዕይንት ከሮማኒያ ሠራዊት 40 ሺህ እግረኛና 10 ሺህ ፈረሰኛ ሊዋስ ተነጋግሮ ነበር። የእኔ ተወዳጅ ዝርዝር ደግሞ ልብሱ ነው። ለዚህ ሁሉ ወታደር የደንብ ልብስ ማሰፋት ስለማይቻል፣ ከካሜራው ርቀው ለሚቆሙት የወረቀት ልብስ ሊያሳትምላቸው አስቦ ነበር። የወረቀት ሠራዊት! ያን ጊዜ ግን ስለዚሁ ናፖሊዮን የሚተርከው፣ የሶቪየት ወታደሮች የተሰለፉበት «ዋተርሉ» በ1970 ወጥቶ ከሰረ፤ ገንዘብ ያላቸው ሰዎችም ለናፖሊዮን ኪሳቸውን ዘጉ። ኩብሪክ ያጠናውን ዘመን ግን አልጣለውም፤ በ1975 «ባሪ ሊንደን»ን ሲሠራ ለናሳ የተሠራ ሌንስ አግኝቶ የምሽቱን ትዕይንቶች በሻማ ብርሃን ቀረጻቸው። ዛሬ እሱ እዚህ ቢኖር መብራት መጥፋቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር።

የቀሩት ወገን አቤቱታ ይኸው ነው። አሁን የእኔን ልናገር።

በ1989 ዓ.ም. ግድም ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው ሲወጣ ባለው መንገድ ላይ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ቪዲዮ ቤት ምን እንደነበረ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ማዳበሪያ የተወጠረበት፣ ሰባት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። መግቢያ 50 ሳንቲም። የእኔ ሥራ ሦስት ነበር። ጠዋት የቀኑን ፊልም በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ፤ ካሴቱ ምስሉን ሲያዝረከርከው ዴኩን ከፍቶ በአልኮልና በጥጥ መጥረግ፤ ፊልሙ ሲጀምር ደግሞ ከኋላ ቆሞ መተርጎም። እንግሊዝኛዬ የሰባተኛ ክፍል ነበር። ግማሹን እተረጉማለሁ፣ ግማሹን እፈጥራለሁ። ሕዝቡ የሚፈልገው «አክተሩ» የቱ እንደሆነና እንደማይሞት ማወቅ ነው፤ ሌላውን ይቅር ይለኛል።

አንድ የነሐሴ ቅዳሜ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከመርካቶ አዲስ ካሴት ይዞ መጣ። «ዋተርወርልድ» ይላል። እኔም ሰሌዳው ላይ «8 ሰዓት፦ የውኃ ዓለም። አዲስ!» ብዬ ጻፍኩ።

የአቃቂን ክረምት ታውቁታላችሁ። ያኔ ኮብልስቶን የለም። ጥቁሩ አፈር ውኃ ሲጠጣ ጫማ ላይ ይለጠፋል፤ ዐሥር እርምጃ ከሄድክ አንድ ኪሎ ትሸከማለህ። በር ላይ እንጨት አስቀምጠን ሰው ጫማውን እየጠረገ ይገባል፤ ቢሆንም ወለሉ ጭቃ ነው። እንዲህ ሆኖ ሰባው ሰው ተጣቦ ተቀመጠና ፊልሙ ጀመረ። ዓለም በሙሉ ውኃ ሆናለች። መሬት የለም። ጀግናው በጀልባ ይኖራል። መጀመሪያ ትዕይንቱ ላይ የገዛ ሽንቱን በማጣሪያ አጣርቶ ይጠጣል። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ባሕር አይተን አናውቅም፤ ያየነው ትልቁ ውኃ አባ ሳሙኤል ነው። ሀገራችንም የባሕር በሯን ካጣች ገና አራት ዓመቷ ነበር። እና ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት ማለቂያ የሌለው ሰማያዊ ውኃ ተዘረጋ።

ከዚያ ጀግናው የሚነግደውን ነገር አወጣ። አፈር ነው። በማሰሮ የተቀመጠ ተራ አፈር። ገበያ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ ፈጥጦ ይተራመሳል፤ በሚዛን ይመዝኑታል፣ ዋጋ ይጠሩለታል። እኔ ከኋላ ሆኜ «አፈር ነው የሚሸጠው፣ አፈር ውድ ነው» ብዬ ተረጎምኩ፤ ይህችን እንኳ በትክክል ነበር የተረጎምኳት። ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ከፊት ወንበር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ እግሩን ብድግ አደረገና ጭቃ የተሸከመ ጫማውን ለቴሌቪዥኑ እያሳየ «እንካ! ለእኔ ስንት ትከፍለኛለህ?» አለው። ሳቁ አልቆም ብሎ ዴኩን ማቆም ነበረብኝ። መጨረሻ ላይ ደረቅ መሬት ሲገኝ፣ አረንጓዴ ተራራ ሲታይ ደግሞ አንዱ «እንጦጦ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ያን ካሴት እስኪላጥ ድረስ አሳየነው።

(አሁን እዚህ ዙሪያ አንድ ካሬ ሜትር ስንት እንደሚባል ስሰማ ያ ፊልም ትንቢት ይመስለኛል። ግን ይህን ልተወው፤ ለጨረታ አልመጣሁም።)

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ፊልም አነበብኩ። የወደቀ ፊልም ነው ይላል። በ1995 ሲወጣ የፈጀው 175 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከተሠሩት ሁሉ ውዱ ነበር፤ የታሰበለት 100 ሚሊዮን ነበር። ሃዋይ ባሕር ላይ ትልቅ ተንሳፋፊ ከተማ ሠሩ፤ አንዱን ግንባታቸውን ደግሞ ባሕሩ ዋጠው። ጋዜጠኞች ፊልሙ ሳይወጣ ነበር ማላገጥ የጀመሩት። እኔ ይህን ሳነብ ሰው ስለ ዘመዴ ክፉ ሲያወራ የሰማሁ መሰለኝ። የትኛው ነው የወደቀው? ያ አቃቂ ላይ ሰው ቆሞ ያጨበጨበለት?

በ50 ሳንቲም የገባ ሰው የ175 ሚሊዮን ዶላር ወጪ አይታየውም። የሚታየው ውኃው ነው። ፊልሙም ኋላ ከውጭ ገበያና ከቪዲዮ ሽያጭ ገንዘቡን እየሰበሰበ ሄደ፤ ከሲኒማ ቤቶች ብቻ በዓለም ዙሪያ 264 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ በዚያው ፊልም ስም በ1995 የተከፈተ የመድረክ ትርዒት ለአሥርተ ዓመታት ሰው ሲያስደስት ቆይቷል። ስሙ ግን አልታጠበለትም። አንዴ «የወደቀ» ከተባለ ስም ከጭቃ የባሰ ይጣበቃል።

ሌሎችም አሉ፤ በፍጥነት ልለፋቸው። በ1963 የወጣው «ክሊዎፓትራ» በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከሁሉም በላይ ገቢ ያስገባ ፊልም ሆኖ ሳለ ወጪው ከገቢው ስለበለጠ ከሳሪ ተባለ። ሕዝቡ ሲኒማ ቤቱን ሞልቶታል፤ ያልሞላው የሂሳብ መዝገቡ ነው። «ሄቨንስ ጌት» ግን በእውነት ማንም አልመጣለትም። ማይክል ቺሚኖ በ1980 ሲያወጣው 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ፣ ያስገባው አራት ሚሊዮን አይሞላም። ስለዚህ ሰው የሚወራ አንድ ነገር አለ። የተሠራለት የከተማ መንገድ ጠበበብኝ፣ በስድስት ጫማ ይስፋ አለ። ግንበኞቹም «አንዱን ወገን አፍርሰን ስድስት ጫማ እንግፋው፤ ይረክሳል» አሉት። እሱ ደግሞ «አይሆንም፤ ሁለቱም ወገን ፈርሶ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጫማ ይሂድ» አለ ይባላል። ይህን ለግንባታ ሠራተኛ ጎረቤቴ ስነግረው ግማሽ ሰዓት ሳቀና በመጨረሻ «ሰውየው ግን ልክ ነው፤ መሃል መንገዱ ይዛነፋል» አለኝ።

ፊልሙን ያሠራው፣ ቻርሊ ቻፕሊንና ጓደኞቹ በ1919 ያቋቋሙት ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለ ኩባንያ በዚያ ኪሳራ ማግስት ተሸጠ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈ። በ2012 ያው ፊልም ታድሶ ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ ቺሚኖም በሕይወት ነበርና መጥቶ አጨበጨቡለት። ለወደቁት የምከራከረው ለዚህ ነው። የወደቀ ፊልም ቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠብቃችኋል፤ አንድ ቀን ሌላ ዓይን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የናፖሊዮንን የወረቀት ሠራዊት ግን እኔም እናንተም በየራሳችን ጭንቅላት ነው የምናየው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ማንም ሰው መጥፎ ዳይሬክተር ሆኖ አያውቅም።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ተናግሬ ወደ ማብቂያዬ ልሂድ። በ2022 አንድ የአሜሪካ ስቱዲዮ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትን «ባትገርል» የተባለ ፊልም ቀረጻው ካለቀ በኋላ ላለማውጣት ወሰነ። የተሰጠው ምክንያት የግብር ሂሳብ ነው። ተዋናዮቹ ተጫውተዋል፣ መብራት የያዘው ይዟል፣ ምግብ ያበሰለችው አብስላለች። ፊልሙ አልቀረም፣ አልወደቀምም። እንዲወድቅ እንኳ አልተፈቀደለትም። ለዚህ ተረት እንኳ አላገኘሁለትም።

አሁን የራሴ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ነበርን፤ ሁልጊዜ ማታ ከተዘጋ በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ፊልም እንሠራለን። በአፋችን ነው የምንሠራው። ፊልሙ ስለ ባቡር ነው። የጂቡቲው ሐዲድ አቃቂ ሲደርስ፣ እዚህ የነበረ አንድ ገበሬ በሬውን ባቡር ይገድልበታል፤ ገበሬውም ባቡሩን ሊከስስ ይነሳል። ከዳኛ ዳኛ እየሄደ ባቡሩን ፍርድ ቤት ሊያቆም። አሁንም ጥሩ ታሪክ ይመስለኛል፤ እንዳትወስዱት። በሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተር ጻፍነው። አንዱ ጓደኛችን ስዕል ይችል ነበርና ዳር ዳሩን በሬውን፣ ጭሱን፣ የዳኛውን ካባ ሣለበት። ማመልከቻ ጽፈን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ወሰድን። «ይታሰብበታል» አሉን። ስንመላለስ ክረምቱ አለፈ፤ አንዱ ወደ ሱዳን ሄደ፣ አንዱ ፋብሪካ ገባ፣ ሠዓሊው አረፈ።

ደብተሮቹ እኛ ቤት ነበሩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ስኳር ገዛሁ፤ ባለሱቁ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው የበሬው ቀንድ ነው። እናቴ አሮጌ ወረቀት ነው ብላ በኪሎ ሸጣቸው ነበር። ሮጬ ተመለስኩ። ቀሪው ለቆሎ፣ ለበርበሬ፣ ለሻይ ቅጠል ሄዷል። የተረፈችው አንዲት ገጽ ብቻ ነበረች፤ የበጀት ገጿ። ስዕል የላትም።

ለዓመታት እንደማንኛውም ሰው ስለዚያ ፊልም አልቅሻለሁ። አንገቱ ረዝሞ፣ ረዝሞ ከደመና በላይ ወጥቶ ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማስታወስ ተቀመጥኩ፤ መጨረሻ እንዳልነበረው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገበሬው ባቡሩን ይክሰሰው እንጂ ማን እንደረታ አራታችንም አልወሰንንም ነበር። ሁለት ደብተር ጽፈን!

ገጿን ይዣት መጥቻለሁ። ምስሎቹ ስለቀሩባችሁ በእነሱ ፈንታ ይህችን ላንብብላችሁ።

«በሬ 1፦ ከአጎቴ ቤት። የሚሞተው በሬ፦ ለፋሲካ ከሚታረደው ጋር ይታያል። ካባ 3፦ ከቤተ ክርስቲያን በውሰት፣ ቄሱ ከፈቀዱ። ሕዝብ 200፦ ዳቦና ሻይ፣ ብር 140። ካሜራ፦ ሠርግ የሚቀርጸው ልጅ፣ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስላለው ከሰኞ እስከ ዓርብ። ዝናብ፦ ክረምት ላይ ከተቀረጸ በነጻ። የእንፋሎት ባቡር 1፦ ይለመናል።»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ገጿን ፎቶ ላንሳት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንሺ አልኳት። ቀኑ ወደ መምሸቱ ስለነበር ጓደኛዋ በስልኳ አበራችላት።